ጀልባዬን ለክረምት የት ላቁማት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ትንሽ የፋይበር ጀልባ አለችኝ። በበጋ ሰው ወደ ዘጌ አመላልስባታለሁ። ዘንድሮ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አዲስ አበባ ነኝ። የሞተሩ መመሪያ «ለክረምት ፀረ በረዶ ይጨመር» ይላል። የት ይገዛል? ሌላስ ምን ላድርግ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። መመሪያውን የጻፉት ሐይቃቸው በረዶ ሆኖ የሚከርምባቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ ጋ በሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ብረት ይሰነጥቃል። ጣና መቼ በረዶ ሆኖ ያውቃል? ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ ውሃው ራሱ ይወርዳል።

የእኛ ክረምት ጣጣው ሌላ ነው። ሐይቁ ይመጣብሃል! ጣና ሰኔ አካባቢ ይጎድላል፣ መስከረም ላይ ይሞላል። ልዩነቱ ወደ ላይ ሲለካ 1 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዳርቻው ሜዳ ከሆነ ግን ያቺ ሜትር ተኩል ስንቱን መሬት ትውጣለች፤ የፎገራን ሰው ጠይቅ። እኔም አንድ ዓመት «እዚህስ አይደርስም» ብዬ ከውሃው ሃያ እርምጃ ላይ ትቻት ሄድኩ። ስመለስ እምቦጭ መሀል ተንሳፋ አገኘኋት። አንድ ጎኗን ድንጋይ ሲፈትገው ከርሞ ፋይበሩ ተልጧል። ስለዚህ ባለፈው መስከረም ውሃው የት ድረስ እንደመጣ የሰፈሩን ዓሣ አጥማጆች ጠይቅና ከዚያ በላይ አውጣት።

አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጣት። አፍንጫዋን ከፍ አድርግ፣ የኋላውን ውታፍ ንቀል፣ የዘነበው ይውጣ። ውታፉን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰረው፤ እኔ ረስቼው ጀልባዬን ውሃ ላይ ገፍቼ አውቃለሁ።

በሸራ ጠቅልለህ አታፍናት፣ ትሻግታለች። ባለ ታንኳዎቹ ከውሃ በወጡ ቁጥር ደንገሉን አቁመው የሚያናፍሱት ለዚህ ነው። መሀል ላይ አጣና አድርገህ ሸራውን እንደ ጎጆ ክዳን ጣለው።

ሞተሩን ከውሃ ሳታወጣው አስነሳና የቤንዚኑን ቱቦ ንቀል፣ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ካርቡሬተር ውስጥ የከረመ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል። ካንዴላውን ፈትተህ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግ፣ ገመዱን ቀስ ብለህ ሁለት ሦስቴ ሳብ። በመጨረሻ የታችኛውን የካምቢዮ ዘይት አውጥተህ እየው። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ አልቋል ማለት ነው። ሳትሄድ አሠራው። መስከረም ላይ ባለ ጀልባው ሁሉ አንድ መካኒክ ደጅ ነው የሚሰለፈው።

ባትሪውን ፈትተህ ቤት አስገባ፤ በወር አንዴ ቻርጅ የሚያደርግልህ ሰው አታጣም።