ደም ማነስና የጅማ ቡና፦ ለጠየቅሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። «ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ፤ ጎረቤቶቼ ቡና አቁሚ፣ ሻይ ጠጪ ይሉኛል። ጅማ ቁጭ ብሎ ቡና ማቆም ይቻላል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ራስ ምታቱ አልጋ ላይ ጣለኝ፤ በሦስተኛው ከጎረቤት የመጣ የቡና ሽታ አስነሳኝ። ግን ቡናዬን ሳላቆም ደሜ ተስተካክሏል።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ ነው። እዚሁ ጅማ ከመርካቶ ተነስቼ ኮቺ ሰፈር እስክደርስ ሁለት ሦስቴ ቆሜ ማረፍ ጀመርኩ። ዘንቢሉ ከበደኝ፣ ልቤ ይመታል። ስመረመር ሄሞግሎቢኔ፣ ማለት ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ 9.6 ወጣ። ላላረገዘች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፤ ለእርጉዝ ከ11 በታች። እንደኛ ከፍ ያለ አገር ላይ ደግሞ መለኪያው ትንሽ ከፍ ይላል። አይረን፣ ማለት የብረት ኪኒን፣ ሰጡኝ። «በቀን አንድ ዋጪ» ተባልኩ፣ አለቀ። ከምን ጋር እንደሚዋጥ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በምን የዋጥኩት ይመስልሻል? በጠዋት ቡና! ኪኒኗን ወርወር፣ ቡናውን ፉት። ሦስት ወር ሙሉ። ተመልሼ ስለካ 10.1። «በደንብ አልወሰድሽም» ተብዬ ተቆጡኝ፤ አንድም ቀን አልዘለልኩም እኮ! ሌላ ቦታ የሄድኩ ጊዜ ነው አንዲት ነርስ «በምንድን ነው የምትውጪው?» ብላ የጠየቀችኝ። ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት።

ቡና ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባሉ ነገሮች አሉ። አንጀት ውስጥ ብረቱን ይይዙታል፤ የተያዘ ብረት ደግሞ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ስለዚህ ጥፋተኛው ካፌይኑ አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ከሥጋ ምግብ ጋር አንድ ኩባያ ቡና ሲጠጣ ሰውነት የሚወስደው ብረት በ39 በመቶ ቀነሰ። ሻይ ሲሆን በ64 በመቶ! እንግዲህ «ቡናውን ትተሽ ሻይ ጠጪ» የሚሉሽን ጎረቤቶች ይህን ንገሪያቸው።

እኔን የጠቀመኝ ግን የዚሁ ጥናት ሌላው ክፍል ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ልክ አብሮ እንደተጠጣ ሆነ። ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ነዋ።

አሁን የኛን ቤት አስቢው። ድሮ እናቶቻችን ምሳ አብልተው፣ ሳህን አጥበው፣ ቡናውን አጥበው፣ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ ጀበናው እስኪፈላ ድረስ ጊዜ ይሄድ ነበር። አሁን የተፈጨ ቡና አለ፣ ፔርሙስ አለ። እጃችንን ሳንታጠብ ይቀዳል። እኔ ቤት አቦሉ ከሽሮው ጋር እኩል ነበር የሚቀርበው ብል ማጋነን አይደለም። ስለዚህ ምሳ ሰባት ሰዓት ከሆነ ቡናውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገፋሁት። ጠዋት ደግሞ ቡናዬን በባዶ ሆዴ እጠጣና ቁርሴን ከአንድ ሰዓት በኋላ እበላለሁ። ጨጓራ ካለብሽ ይሄኛው ላይስማማሽ ይችላል። ቡና ቁርሱስ? ቆሎና ፈንዲሻ ብዙም አያሳስብም፤ ዋናው ምግብሽን ጠብቂ።

«ቀይ ጤፍ ብዪ፣ ደም ይተካል» ማለታቸውም አይቀርም። ጤፍ ብረት አለው፣ እውነት ነው። ግን ሲለካ ከሚገኘው ብረት ብዙው አውድማ ላይ በሬ ሲያበራየው የገባ አፈር እንደሆነ ጥናቶች አሳይተዋል። የአፈሩን ብረት ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። እህሉ ውስጥ ያለውን ደግሞ ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ከሚጋገረው የቆየው ይሻላል። ቀይ ስርም እንዲሁ ነው፤ መልኩ ደም ስለመሰለ እንጂ ያለው ብረት ትንሽ ነው። እኔ አንድ ወር ጨምቄ ጠጥቻለሁ፣ ምላሴ ቀላ፣ በቃ።

የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጭመቂ፣ ጥሬ ቃሪያ ጨምሪ። ከሁሉም የምወደው ዘይቱን (ጓቫ) ነው። በየጓሮው እየወደቀ ወፍ ይበላዋል፣ በቫይታሚን ሲ ግን ብርቱካንን በብዙ ይበልጣል። ከምሳ ጋር አንድ ሁለት ፍሬ መብላት ምን ይከብዳል? አቅም ሲኖር ትንሽ ሥጋ መጨመርም ጥሩ ነው። የሥጋው ብረት በቀላሉ ይገባል፣ የእህሉንም ይዞ ይገባል።

ስለ ኪኒኑ አንድ አዲስ ነገር ልጨምርልሽ። ብረት ስትወስጂ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ እሱም በማግስቱ የምትወስጂውን ብረት በሩን ይዘጋበታል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከዙሪክ የወጣ ጥናት የብረት ክምችታቸው ያነሰ ሴቶችን አወዳደረ። በየቀኑ የዋጡት ከኪኒኑ 16.3 በመቶ ሲወስዱ፣ ቀን እየዘለሉ የዋጡት 21.8 በመቶ ወሰዱ። ይህን ለሐኪሜ ነግሬው፣ ሆዴንም ስለሚያመኝ፣ ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ ፈቀደልኝ። አንቺ ግን ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትቀይሪ፤ በተለይ እርጉዝ ከሆንሽ። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከኪኒኑ ነው።

ቡናን ጠላት ማድረግም አልወድም። በ2017 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ትልቅ ግምገማ በቀን ሦስት አራት ኩባያ የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት የተሻለ ጤና እንዳላቸው አሳይቷል። ቡናው ራሱ ነው ያመጣው ለማለት ባይቻልም፣ ያስፈራል የሚያሰኝ አይደለም። ነፍሰ ጡሮች ግን መቀነስ አለባቸው።

ልረሳው ነበር፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ይሄ መምጣት ነበረበት። ሰገራ ስመረመር መንጠቆ ትል ተገኘብኝ። ጓሮዬን በባዶ እግሬ ነው የምኮተኩተው፤ ትሉ በእግር ቆዳ ይገባና አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በመድኃኒት ሄደልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኔ 12.7 ደረሰ። የትኛው ነው ያዳነኝ? ትሉ መውጣቱ፣ ቡናው መራቁ፣ ሎሚው? ሁሉንም አንድ ላይ ስላደረግኩ መለየት አልችልም። ወር አበባሽ የሚበዛ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ እሱ ሳይስተካከል ምግብ ብቻውን አይበቃም።

ጎረቤቶቼ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፣ «ቡናሽን ደበቅሽ» ብለው። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ራሳቸው በር ያንኳኳሉ። ያንቺ ሄሞግሎቢን ስንት ነው የወጣው? የሰገራ ምርመራስ አዘውልሻል?