የእምነት ክህደት ቃል፦ ሃይማኖት ውስጥ አለበት?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ሰጠ» ሲባል ግራ ይገባኛል። ሰውየው የተከሰሰው በማጭበርበር ነው። እምነቱን ማን ጠየቀው? ደግሞስ «አልፈጸምኩም» ያለ ሰው ከሃዲ ሊባል ነው?

መልስ፦ እምነቱን ማንም አልጠየቀውም። ግራ የሚያጋባው ሐረጉ አጥሮ መነገሩ ነው። ሲፈታ «የእምነት ወይም የክህደት ቃል» ማለት ነው። «ወይም» ስትወድቅ ግን እምነትን የመካድ ቃል መስሎ ይሰማል። ዳኛው የጠየቁት «የተከሰስክበትን ድርጊት ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» ብለው ነው።

«አመነ» በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። በእግዚአብሔር ያምናል እንላለን። ብርጭቆ የሰበረውንም ልጅ «እመን፣ አልመታህም!» እንለዋለን። ይህኛው ማመን የሠራኸውን ተቀበል ማለት ነው። ፍርድ ቤት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

«ካደ»ም እንዲሁ ነው። ያበደርነው ሰው «መቼ ተበደርኩህ?» ሲል «ሽምጥጥ አድርጎ ካደኝ» እንላለን። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮህ ሦስት ጊዜ ካደ ስንልም፣ ያደረገው «ሰውየውን አላውቀውም» ማለት ነው። የቃሉ እምብርት ይህ «አላውቅም፣ የለም» ነው። ሃይማኖቱን ካደ፣ አገሩን ካደ የሚለው ከባዱ ትርጉም ከዚሁ ያደገ ነው።

ግእዙ «ክሕደ» ነው። በአማርኛው ግስ «ሐ» ወድቃ «ካደ» ሆነ፤ «ክህደት» እና «ከሃዲ» ላይ ግን በ«ሀ» መልክ ተርፋለች። የዕብራይስጡ ዘመዱ «መደበቅ» የሚል ትርጉም አለው። እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። «ካፊር» የተገኘበት የዓረብኛ ግስም «ሸፈነ» ማለት ነው፤ በአማርኛው የቁርኣን ትርጉም «ከሓዲ» የተባለውም እሱው ነው። ሥርወ ቃላቸው የተለያየ ሁለት ቃላት በየፊናቸው ከመሸፈንና ከመደበቅ ተነስተው አንድ ቦታ ደረሱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። ክሱን የካደ ሰው ከሃዲ አይባልም። «ካደ» አንድን ድርጊት ይናገራል። «ከሃዲ» ግን ሰውየውን ራሱን ይፈርጃል፤ አማርኛ ውስጥ ከዚህ የከበዱ ስድቦች ጥቂት ናቸው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 133 መሠረት ተከሳሹ ዝም ቢል እንኳ ክሱን እንደካደ ተቆጥሮ ይመዘገባል። ዝም ያለን ሰው ከሃዲ እንዴት እንለዋለን? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20ም የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ንጹህ የመገመት መብት አለው ይላል።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «የእምነት ክህደት ቃሉን ሰጠ» ብሎ የሚያልቅ ዜና ምንም አልነገረንም። አመነ? ካደ? ተከሳሹ ቤተሰብ አለው፣ ጎረቤት አለው፤ ሁሉም ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው። ጋዜጠኞች «ክሱን አምኗል» ወይም «ድርጊቱን አልፈጸምኩም ሲል ክዶ ተከራክሯል» ብለው ይጻፉልን። ሐረጉን የግድ ካስፈለጋቸውም «ወይም»ን ይመልሷት።