መልስ፦ «አደፍርስ»ን እያደነቅሁት ማንበብ ለምን ከበደኝ?

ወዳጄ፣ «መጽሐፉን አከብረዋለሁ፣ ግን ገና መጀመሪያው ላይ እደክማለሁ፤ ችግሩ የኔ ይሆን?» ብለሃል። የለም፣ ያንተ አይደለም። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ በእርግጥም ከባድ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በመሰለ ወራጅ ትረካ የለመደ አንባቢ እዚህ ግር ይለዋል። ንግግሩ ይበዛል፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነም ሁልጊዜ አይነገርህም፤ ከአነጋገሩ መለየት አለብህ። እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ አፋቸውን ሲከፍቱ የባላባትነት ኩራታቸው፣ ቁጣቸውና ሥጋታቸው በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ ተራኪው ግን «ተቆጡ» ብሎ እንኳ አያስረዳህም። አደፍርስ ደግሞ የተማረ ወጣት ነውና ሙግቱ ሌላ ዜማ አለው።

ስለዚህ እባክህ ንግግሮቹን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብባቸው። በዓይን ብቻ ስታልፋቸው የተደበላለቁት ሰዎች በጆሮህ ይለያዩልሃል። የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጥ። ረጃጅሞቹ ክርክሮች ከሰለቹህ ዝለላቸው፣ በኋላ ትመለስባቸዋለህ። በሰሜን ሸዋ ያለውን የይፋትና ጥሙጋን መልክዓ ምድር የሚሥልባቸውን ገጾች ግን አደራ፣ እንዳትዘላቸው! እኔ ዛሬም ይህን መጽሐፍ ሳነሳ በአንድ ቁጭታ ጥቂት ገጽ ይበቃኛል።