«አባባ፣ እዚህ ለአዳሪ ብቻ ነው»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

እርስዎ የጅማ ሰው ስለሆኑ ነው የምጽፍልዎ። ነገሩ ከወር በላይ ሆድ ሆዴን እየበላኝ ነው።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የእርሻ ኮሌጅ የሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ከተማ ሲወጡ የአንድ ሆቴል አጥር ስር ቆመው ወደ ውስጥ ያዩ ነበር። ሥራ ሲይዝ በመጀመሪያ ደሞዙ ገብቶ ሻይ ጠጣበት። አልጋ ይዞበት ግን አያውቅም። «አንድ ቀን እዚያ አድራለሁ» ሲል እየሰማን ነው ያደግነው።

ባለፈው ግንቦት ወሰድኩት። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን ቁልቁለት ወርደን ወጥተን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ከመኪና ሳይወርድ ክራቫቱን አስተካከለ።

ግቢው እውነትም ልብ ይወስዳል። ዕድሜ ጠገብ ዛፎች አሉ። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጅራታቸውን አንጠልጥለው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ክፍሉ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ መስኮቱን ስትከፍት ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል።

ሰዎቹ ግን ሌላ ናቸው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «መታወቂያ» አለች። አባቴ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» አላት። ቀና አላለችም። ሻወሩ ውሃ የለውም። ስንጠይቅ «ባልዲ አለ» ተባልን። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ።

ያልቻልኩት ቀጥሎ የሆነውን ነው። እኔ ሻንጣ ሳስተካክል አባቴ ቀድሞኝ ወርዶ ትልቁ ዛፍ ስር ያለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደረጃው ላይ ስደርስ አንድ አስተናጋጅ አጠገቡ ቆሞ «አባባ፣ እዚህ ለአዳሪ ብቻ ነው፤ ይነሱ» ሲለው ሰማሁ። አባቴ ብድግ አለ። «ይቅርታ ልጄ» አለው። የክፍላችን ቁልፍ እኮ ኪሱ ውስጥ ነበር! እጁን ኪሱ ከቶ ቁልፉን ጨብጦታል። አላወጣውም።

እኔ ጮህኩ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጁ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። በማግስቱ ሂሳብ ስንከፍል ደረሰኙ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተጽፏል። የቱ ሰርቪስ? አባቴ ግን ምንም ሳይል ከፈለ። መኪና ውስጥ ሲገባ «ዛፉ እንዳለ ነው» አለኝ። በቃ፣ ይችን ብቻ።

አሁን ኅዳር ላይ ቡና ሲለቀም መልሰሽ ውሰጂኝ ይላል። እዚያው ሆቴል። እኔ ደግሞ ዳግመኛ ከዚያ ወንበር ሲነሳ ማየት አልችልም። «ለእድሳት ተዘግቷል» ብዬ አዲስ ከተሠሩት አንዱ ጋ ላሳድረው አስቤአለሁ። ብዋሸው ምን ይመስልዎታል?

የአባቷ ልጅ
ከአዲስ አበባ

---

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቁልፉ ጋ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ማለፍ አቃተኝ።

አትዋሺው። አንደኛ፣ አይሳካልሽም። አባትሽ ይህን ከተማ ያውቀዋል፣ ቋንቋውንም ይናገራል። ሄርማታ ገበያ ወርዶ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅ በደቂቃ ይነገረዋል። ያኔ ከአስተናጋጁ ይልቅ የሚያሳፍረው የአንቺ ነገር ይሆናል። ሁለተኛው ይበልጣል። እሱ ከዚያ ግቢ ይዞ የወጣው ዛፉን ነው። ተዘግቷል ካልሽው እሱንም ትወስጂበታለሽ።

ቁልፉን ለምን እንዳላወጣው ሳስብ ዋልኩ። ቢያወጣው ልጁ ይደነግጥ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን፣ በልጅነቱ አጥር ስር ቆሞ ወደ ውስጥ ያይ የነበረ ሰው አሁን ውስጥ ገብቶ ማስረጃ አቅርብ መባሉ ነው የከበደው። እኔ ብሆንም አላወጣውም። እና ልጄ፣ አንቺ ስትጮሂ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው እሱን ነው። ጩኸትሽን አልነቅፍም፤ አባቴ ቢሆን እኔም እጮህ ነበር። ብቻ አንድ ቀን ቡና ስትጠጡ «ያን ቀን ምን ተሰማህ?» ብለሽ ጠይቂው። ይህን ሁሉ ስትጽፊልኝ እሱን መጠየቅሽን አላየሁም።

ስለ አስተናጋጁ የማውቀውን ልንገርሽ። ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። ዛፍ ያለው የሆቴል ግቢ ቅዳሜና እሁድ የሙሽራ ነው። ፎቶ ሊነሳ የሚመጣው አጃቢ ወንበሩን ይሞላዋል፤ ምንም ሳያዝ ይሄዳል። አስተናጋጆቹ ሰው ማስነሳት ይለምድባቸዋል። የናንተ ቀን ቅዳሜ ወይ እሁድ ከነበረ ልጁ አባትሽን ከሠርገኛ ቆጥሮት ይሆናል። ቢሆንም «አባባ፣ እዚህ ነው ያረፉት?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? አራት ቃል ናት።

ሌላም አለ። የየከተማው ብዙ የድሮ ሆቴሎች በ1967 ተወርሰው መንግሥት እጅ ገቡ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ እየተሸጡ ወደ ግል ዞሩ። በየዝውውሩ ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ይወጣሉ። አዲሱን ልጅ «እንግዳ ሲገባ ብድግ በል» የሚለው የቀድሞ አለቃ የለም። ግንቡና ዛፉ ይሸጣል፣ ይገዛል። አቀባበሉ ግን በውል ላይ አይሰፍርም። ይህ እኔን ዘወትር ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም ጅማ እንግዳ መቀበል የማታውቅ ከተማ አይደለችም። ከዚያ ሆቴል አጥር ውጪ ያለች ማንኛዋም ቡና የምታፈላ ሴት አባትሽን «አካም ጅርታ» ሲላት በርጩማ ስባ ታስቀምጠው ነበር።

10 በመቶውን በተመለከተ፣ ሰርቪስ ቻርጅ ጉርሻ አይደለም፤ ስላስደሰቱሽ የምትሰጪው ሳይሆን ዋጋው ላይ የተጨመረ ነው። ብዙ ቦታ ቫቱም የሚሰላው እሱ ከተደመረ በኋላ ነው። 1,000 ብር የተባለ ክፍል በሰርቪስ ቻርጁ 1,100፣ በ15 በመቶ ቫት 1,265 ይሆናል። ስለዚህ አልጋ ስትይዢ «ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው?» በይ። አስተናጋጁ ከዚያ 10 በመቶ ስንት እንደሚደርሰው ሥራ አስኪያጁን መጠየቅም ነውር የለውም።

አሁን ወደ ኅዳር እንምጣ። ከመምጣታችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ደውይና ሥራ አስኪያጁን አናግሪ። «አገልግሎታችሁ መጥፎ ነው» ካልሽው በየቀኑ የሚሰማው ነው፤ «እናሻሽላለን» ብሎ ይዘጋዋል። የሆነውን እንዳለ ንገሪው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዛፉን፣ ልጁ ያላትን ቃል። «አባቴ ሃምሳ ዓመት የጠበቀው አዳር ነበር» በይው። የልጁን መልክ አትግለጪ፤ እንጀራው ላይ አትምጪበት። የምትፈልጊውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሃ ያለው ክፍልና ያ ወንበር። በሥራ ቀን እንደምትመጡም ንገሪው፤ ሠርገኛ አይኖርም።

ስልኩን ካላነሳ ወይም ካመናጨቀሽ እዚያ አትደሩ። ግን እውነቱን ለአባትሽ ንገሪው። «አባዬ፣ አዳሩ ሌላ ቦታ ይሁን፣ ከሰዓት ከሰዓት ዛፉ ጋ ሄደን ሻይ እንጠጣለን» በይው። በመጀመሪያ ደሞዙ ያደረገውም ይህንኑ አይደል? ሁለቱን አስቀምጪለትና እሱ ይምረጥ።

ጠዋቱን ወደ አጋሮ መንገድ ውሰጂው። ኅዳር ላይ ቀዩ ቡና በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሴቶቹ ከበው አረንጓዴውን ሲለቅሙ ታያላችሁ። የእርሻ ተማሪ ነውና አጠገባቸው ሳይቆም አያልፍም። ስትመለሱ ጅሬን ኮረብታ ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዩ። ከኮረብታው ላይ ከተማው ቁልቁል ይታያል።

ከዚያ ወደ ሆቴሉ ስትገቡ፣ እዚያ ካደራችሁ፣ ቁልፉን አንቺ አትያዥው። ለእሱ ስጪው። ዛፉ ስር ሲቀመጥም ኪሱ አይክተተው፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ያስቀምጠው።