እንደተመረቅሁ በሥርዓተ ጾታ ማስተርስ ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የስታቲስቲክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሥራዬ በጾታ እኩልነትና በአካታችነት ላይ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በሥርዓተ ጾታ ጥናት ማስተርስ ልቀጥል? አባቴ ‹ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ባንክ ግቢ› ይላሉ። አንድ ድርጅት ለስድስት ወር ያለ ክፍያ ሊያለማምደኝ ፈቅዷል። ታናናሾቼ ደግሞ ደመወዜን ይጠብቃሉ።»

መልስ፦ ማስተርሱን ቢያንስ ለሁለት ዓመት አቆዪው። ስለ እኩልነት አሳምሮ የሚናገር ሰው በዚህ ሙያ ሞልቷል። መጠይቅ የሚያርምና ሠንጠረዥ ላይ ስህተት የሚያይ ግን ጥቂት ነው፤ አንቺ ደግሞ ግማሹን መንገድ ሄደሽዋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመሩት 8 የተባበሩት መንግሥታት የሚሊኒየም የልማት ግቦች አካል ጉዳተኞችን ጭራሽ አላነሱም። በ2015 የጸደቁት 17 ዘላቂ የልማት ግቦች አነሷቸው፤ ንዑስ ግብ 17.18 መረጃው በገቢ፣ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በዘር፣ በብሔር፣ በፍልሰት ሁኔታ፣ በአካል ጉዳትና በመኖሪያ አካባቢ ተከፋፍሎ እንዲቀርብ ይጠይቃል። የአንቺ እንጀራ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ አካል ጉዳትን ለመለካት የአገሮች የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ቡድን ያዘጋጃቸውን፣ የዋሽንግተን ቡድን የሚባሉትን ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች ልቅም አድርገሽ ያዢ፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስ ወይም ማተኮር፣ ራስን መንከባከብ፣ ከሰው ጋር መግባባት። መልሶቹ አራት ናቸው፦ አልቸገርም፣ በመጠኑ እቸገራለሁ፣ በጣም እቸገራለሁ፣ ጨርሶ አልችልም። በአንዱም ቢሆን «በጣም» ወይም «ጨርሶ» ያለ ሰው ከአካል ጉዳተኞች ይቆጠራል። «አካል ጉዳት» የሚለው ቃል ሆን ተብሎ ጥያቄዎቹ ውስጥ አልገባም፤ ሰው ያፍራል፣ ወይም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሥራው የሚበላሸው መስክ ላይ ነው። መረጃ ሰብሳቢው «አሁን ስለ አካል ጉዳት ልጠይቅዎት ነው» ብሎ ይጀምርና ገና ከበሩ ሰዉን ያሸሻል። ጊዜ ለመቆጠብ አራቱ መልሶች «አዎ» እና «አይደለም» ይሆናሉ። ባል ስለ ሚስቱ ይመልሳል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትም ይጠየቃል፤ ለሕፃናት ግን ዩኒሴፍ ከዚያው ቡድን ጋር ያዘጋጀው ሌላ መጠይቅ አለ። ስድስቱ ጥያቄዎች ጭንቀትንና ድብርትን በደንብ እንደማይዙም አትርሺ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። 1,000 ሰው ጠይቀሽ 100ው አካል ጉዳተኛ ቢሆኑ፣ ግማሾቹ ሴቶች 50፣ ከእነሱም ግማሾቹ ገጠር ያሉት 25 ናቸው። በ25 ሰው የሚሰላ መቶኛ ወደ ላይም ወደ ታችም 20 ነጥብ ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ናሙናው በመንደር በመንደር የተሰበሰበ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። «የገጠር አካል ጉዳተኛ ሴቶች 40 በመቶ» የሚል ሪፖርት ስታዪ መጀመሪያ ስንት ሰው እንደተጠየቀ ፈልጊ። ይህን ጥያቄ በስብሰባ ላይ የምታነሺ አንቺ ብቻ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ለመወደድ ባይጠቅምም ለመቀጠር ይጠቅማል።

ማስተርሱን ለማመልከት የምታጠፊውን ጊዜ ለዚህ አውዪው፦ ሚክስ የሚባለውን፣ ዩኒሴፍ ስለ ሕፃናትና ሴቶች በየአገሩ ቤት ለቤት የሚያስጠናውን ጥናት ጥሬ መረጃ ተመዝግበሽ በነፃ አውርጂ፤ በስድስተኛው ዙር ብዙ አገሮች የአካል ጉዳት ጥያቄዎችን ጠይቀዋል። አር (R) በሚባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ የናሙና ክብደቱን (እያንዳንዱ ተጠያቂ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) ሳትረሺ፣ ሦስት ሠንጠረዥ ሥሪ። ከሥራቸው ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጻፊና ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢው።

አባትሽ በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ ኮንትራት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከሥራ ወጥቷል። የተሳሳቱት ሥራው «የሴቶች ድርጅት» ውስጥ ብቻ ያለ መስሏቸው ነው። ኦኢሲዲ በሚባለው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት ያሉ ለጋሾች የውኃውንም የእርሻውንም ፕሮጀክት በጾታ እኩልነት 0 (ዓላማው አይደለም)፣ 1 (አንዱ ዓላማው ነው) ወይም 2 (ዋና ዓላማው ነው) ብለው ይመድቡታል፤ 1 ለማግኘት እንኳ የሥርዓተ ጾታ ትንተናና ቢያንስ አንድ አመላካች ያስፈልጋል። ያንን የሚያዘጋጅ ሰው በየዘርፉ ይፈለጋል፤ ስታቲስቲክስሽ ደግሞ ፕሮጀክቱ ቢዘጋም አብሮሽ ይሄዳል፣ ባንክም ቢሆን።

ያለ ክፍያ የሚሆነውን ልምምድ እምቢ በይ። የዘላቂ ልማት ንዑስ ግብ 5.4 የሚናገረው ሴቶች ቤት ውስጥ በነፃ ስለሚሠሩት ሥራ ነው፤ ያንን እያስተማረ አንቺን ስድስት ወር በነፃ የሚያሠራ ድርጅት መጀመሪያ የራሱን ቤት ይይ።

ታናናሾችሽን መርዳቱ መልካም ነው፤ ግን መጠኑን ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት ተነጋገሩበት። ወንድ ልጅ ብትሆኚ ኖሮ ይህን ያህል ይጠበቅብሽ እንደነበርም አባትሽን ጠይቂያቸው።

«የክትትልና ግምገማ ረዳት» ወይም «የመረጃ ባለሙያ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ተከታተይ። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪም አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ መጠይቁ መስክ ከመውጣቱ በፊት የሚያርመው ማን ነው? «ማንም» ካሉሽ ክፍት ቦታው ያ ነው።