መልስ፦ ታሪክን እንደ ቀጥታ ዜና የሚያቀርበው የድሮ የሬዲዮ ድራማ

ሰላም ወንድሜ፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሊንከን ሲገደል ጋዜጠኞች እዛው ቆመው በቀጥታ የሚዘግቡበት ድራማ የተዋናዩና የዳይሬክተሩ የኦርሰን ዌልስ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። የዌልሱ በ1938 (በፈረንጆቹ) የተላለፈው የማርስ ፍጡራን ምድርን ሲወሩ የሚያሳየው ነው፣ ልብወለድ። አንተ የምትለው የአሜሪካው ጣቢያ ሲቢኤስ በ1947 የጀመረው "ሲቢኤስ ኢዝ ዜር" (ሲቢኤስ እዛው ነው) ነው፣ በኋላ "ዩ አር ዜር" (እዛው ነህ) ተብሎ እስከ 1950 ቆየ። ሀሳቡን ያመጣው ጉድማን ኤስ ደግሞ የኮሜዲ ጸሐፊ ነው፣ ይገርማል።

አሪፍ የሚያደርገው ምን መሰለህ፣ ዘጋቢ ሆነው የሚሰሩት የጣቢያው እውነተኛ ጋዜጠኞች ናቸው፣ ለምሳሌ ጆን ዴሊ በ1945 የፕሬዝዳንት ሩዝቬልትን ሞት በሬዲዮ ያረዳው ሰውዬ እኮ ነው፣ አድማጩ ድምፁን የሚያውቀው ከእውነተኛ መርዶ ነው ማለት ነው። ሶቅራጥስ መርዝ ሊጠጣ ሲል ማይክ ከየት መጣ ብለህ ትስቅና ትንሽ ቆይተህ ትረሳዋለህ፣ ስቱዲዮ ያለው መስመሩን ለሌላው ይለቃል፣ ህዝቡ ይንጫጫል፣ ምስክር ይጠየቃል፣ መጨረሻውን እያወቅከው ራሱ ልብህ ይንጠለጠላል።

በ1953 ቲቪ ላይ ጋዜጠኛው ዋልተር ክሮንካይት ይዞት መጣ። የቲቪውን ብዙ ክፍሎች የጻፉት በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ስራ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ፣ በሰው ስም ተደብቀው ስለ ሳሌም የጠንቋዮች ችሎትና ስለ ጋሊሊዮ ጻፉ፣ ኮሚኒስት ናችሁ ብለው ለሚያሳድዷቸው እንደሚሉ ገብቶሃል መቼም 😄። ለኔ ግን ቲቪው ሬዲዮውን አያክልም፣ አልባሳቱን ስታይ ቲያትር መሆኑ ይታወቅብሃል። የሬዲዮው ቅጂዎች ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ፣ ከሊንከን ጀምር።