የተዛወሩት ፎቶዎች ቀናቸውን ለምን አጡ?

ጠያቂያችን በጉግል ፎቶስ ያጠራቀሟቸውን የ9 ዓመት የቤተሰብ ፎቶዎች በጉግል ቴክአውት (የራስን መረጃ ከጉግል ለማውጣት በሚያገለግለው አገልግሎት) አውርደው ወደ አይክላውድ፣ ማለትም ወደ አፕል የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ቢጭኗቸው፣ የልጃቸው የክርስትና ፎቶዎች ሳይቀሩ ብዙዎቹ በተጫኑበት ዕለት የተነሱ መስለው እንደተደረደሩ ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል።

አይጨነቁ፤ ቀኑ አልጠፋም። ከቴክአውት የወረዱትን ዚፕ (የታጨቁ) ፋይሎች ሲፈቱ ከፎቶው ጋር ስሙ የሚመሳሰል፣ መጨረሻው «ጄሰን» (.json) የሆነ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያገኛሉ። በኖትፓድ ሲከፍቱት «photoTakenTime» በሚለው ሥር የሚያዩት ባለ 10 አኃዝ ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ፎቶው እስከተነሳበት ቅጽበት ድረስ የተቆጠረ ሰከንድ ነው። በስልክዎ ካሜራ ያነሱት ፎቶ ቀኑን በውስጡ ስለሚይዝ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይገጥመውም። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ የተላከልዎ ግን ይህ መረጃ ተራግፎ ስለሚደርስ፣ እንዲሁም በጉግል ፎቶስ ውስጥ በእጅዎ ያረሙት ቀን ፎቶው ላይ ስለማይጻፍ፣ ለእነዚህ በጉግል ፎቶስ ያዩት የነበረው ቀን ያለው በዚያ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው፤ አይክላውድ ደግሞ አያነበውም።

ስለዚህ ዚፖቹን ሁሉ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይፍቱ፤ ፎቶው በአንዱ ዚፕ፣ የቀኑ ፋይል በሌላው ሊገኝ ይችላልና። ከዚያ ኤክሲፍቱል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ቀኑን ከጄሰኑ አንብቦ በፎቶው ውስጥ ይጽፍልዎታል። ፕሮግራሙ በትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ እየተሰጠው፣ ስለሚሠራ፣ ካልለመዱት የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ይኑር፤ መጀመሪያም በ20 ፎቶዎች ቅጂ ላይ ይሞክሩት። ረጅም ስም ያላቸው ፋይሎች ስማቸው ተቆርጦ ስለሚወርድ ጥቂቶቹ ከጥንዳቸው ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ እነሱን በእጅ ማስተካከል ግድ ነው።

ገና ያላወረዱ አንባቢዎች፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከቴክአውት ወደ አይክላውድ በቀጥታ ማዛወር ስለሚቻል ከዚያ ይጀምሩ፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የአይክላውድ ነጻ ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ግን አስቀድመው በቂ ቦታ ያዘጋጁ።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 20፣ አገልግሎት ሰጪው የሰውን መረጃ ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ እንዲያስረክብ ያዛል። ጄሰን ይህን ያሟላል፤ እናት የልጇን ክርስትና በቀኑ እንድታገኝ ግን አይበቃም፣ ተቀባዩም አገልግሎት ሊያነበው ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በቀጥታ ያዛወሩም ሆኑ በእጅ የጫኑ፣ ከየዓመቱ ጥቂት ፎቶዎችን፣ በተለይ በቴሌግራም የመጡትን፣ ከፍተው ቀናቸውን ሳያመሳክሩ የጉግል አካውንትዎን እንዳይዘጉ።